እንቅልፍ የነሳ ክርክር፦ አንድሮይድ በሊኑክስ ገምጋሚዎች ፊት

ከሪያድ ወይም ከዋሽንግተን የተደወለ ጥሪ አዲስ አበባ ውስጥ ጠረጴዛ ላይ ከተቀመጠ ስልክ ሲደርስ፣ ስልኩን ብዙውን ጊዜ ተኝቶ ነው የሚያገኘው። የጠፋው ማያው ብቻ አይደለም፤ ዋናው ፕሮሰሰር ሥራውን አቁሟል፣ አብዛኞቹ ክፍሎችም ኤሌክትሪክ ተቋርጦባቸዋል። ከኔትወርኩ የሚመጣውን ምልክት የሚያዳምጠው የሬዲዮ ክፍል ግን ዘብ እንደቆመ ነው። ጥሪው ሲደርሰው ፕሮሰሰሩን ይቀሰቅሳል፤ ሥርዓተ ክወናው ይነቃል፣ የስልክ መተግበሪያውን ያስነሳል፣ ስልኩም ይጮኻል። ስልኩ ጨርሶ ባይተኛ ባትሪው ቀኑን አይዘልቅም ነበር፤ ተኝቶ በጊዜው ባይነቃ ደግሞ ጥሪው ያመልጥ ነበር።

በእነዚህ ሁለት ጥፋቶች መካከል ያለውን ጠባብ መንገድ የሚጠብቀው የሊኑክስ ከርነል ነው። ከርነል የሚባለው በሃርድዌሩና በመተግበሪያዎች መካከል የሚቆመው የሥርዓተ ክወናው እምብርት ሲሆን፣ አንድሮይድም የተገነባው በእርሱ ላይ ነው። ስልኩ መተኛት ያለበት መቼ ነው? ውሳኔውስ የማን ነው? ጥያቄዎቹ ቀላል ይመስላሉ። ሆኖም እ.ኤ.አ. ከ2009 እስከ 2012 የጉግልን መሐንዲሶችና የከርነሉን ጠባቂዎች ፊት ለፊት አፋጠዋል። ክርክሩ የባትሪ ጉዳይ ብቻ አልነበረም። የጋራ በሆነ ሀብት ላይ አንድ ኃያል ተጠቃሚ አስቸኳይ ፍላጎቱን ይዞ ሲመጣ፣ ጠባቂዎቹ «አይሆንም» የማለት ሥልጣናቸውን እንዴት ሊጠቀሙበት እንደሚገባ የሚጠይቅ ታሪክ ነው።

ሥልጣኑ ወደ ሥርዓተ ክወናው ሲዛወር

የኮምፒውተር ኃይል ቁጠባ ታሪክ በአመዛኙ ውሳኔው በማን እጅ ይሁን የሚል ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1992 ኢንቴልና ማይክሮሶፍት ያወጡት ኤፒኤም የተባለው ደንብ ውሳኔውን ከማሽኑ ጋር አብሮ ለሚመጣው መሠረታዊ ሶፍትዌር፣ ማለትም ለባዮስ፣ ሰጠ። ባዮሱ ኮምፒውተሩ ሥራ ፈትቷል ብሎ ሲያስብ ያስተኛዋል፤ ሥርዓተ ክወናው ከተባባሪነት ያለፈ ሚና አልነበረውም። ችግሩ ባዮሱ በላዩ ላይ የሚሠራውን ሥራ አለማወቁ ነው። ተጠቃሚው ረጅም ፋይል እየቀዳ ይሁን ወይም ምሳ ሊበላ ሄዶ ይሁን ሊለይ አይችልም።

በዲሴምበር 1996 ኢንቴል፣ ማይክሮሶፍትና ቶሺባ ኤሲፒአይ የተባለውን አዲስ ደንብ ሲያወጡ ውሳኔው ወደ ሥርዓተ ክወናው ተዛወረ። ባዮሱ የማሽኑን ክፍሎችና የማስተኛ ዘዴዎቻቸውን በሰንጠረዥ ይዘረዝራል፤ መቼ እንደሚተኙ የሚወስነው ሥርዓተ ክወናው ነው። በወረቀት ላይ የጠራ የሥራ ክፍፍል ነበር። በተግባር ግን ብዙ የላፕቶፕ አምራቾች ሰንጠረዡን የሚፈትሹት በዊንዶውስ ብቻ ስለነበር፣ ዊንዶውስ የማይነካው ስሕተት ሳይታረም ገበያ ላይ ይወጣ ነበር። ለዚህም ነው በ2000ዎቹ ዓመታት ሊኑክስ የጫኑ ብዙ ላፕቶፖች ክዳናቸው ሲዘጋ ተኝተው፣ ሲከፈት ግን ማያቸው ጨልሞ የሚቀረው። የከርነሉ ሰዎች ከዚህ የተማሩት ትምህርት አብሯቸው ኖሯል፦ በኃይል ቁጠባ ጉዳይ ደንቡ የሚለውና ማሽኑ የሚያደርገው ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

ሁለተኛው ትምህርት እ.ኤ.አ. በ2007 መጣ። እስከዚያ ድረስ ሊኑክስ ሥራ ቢኖርም ባይኖርም ፕሮሰሰሩን በየሰከንዱ መቶ ወይም ሺህ ጊዜ ያህል በመደበኛ የሰዓት ምት ይቀሰቅሰው ነበር። በዚያው ዓመት በአፕሪል የወጣው 2.6.21 የተባለው የከርነል እትም ቶማስ ግላይክስነርና ኢንጎ ሞልናር የደከሙበትን ለውጥ ይዞ መጣ፤ ሥራ ሲጠፋ ምቱም ይቆማል፣ ፕሮሰሰሩም ረዘም ያለ እንቅልፍ ያገኛል። ወዲያው ግን ሌላ ጉድ ተገለጠ። ኢንቴል በሜይ ወር ያወጣው ፓወርቶፕ የተባለ መሣሪያ ፕሮሰሰሩን በከንቱ የሚቀሰቅሱትን ፕሮግራሞች በስም ይዘረዝር ጀመር። በየሰከንዱ እየተነሱ ምንም ለውጥ አለመኖሩን አረጋግጠው የሚመለሱ ፕሮግራሞች በርካታ ነበሩ። የሊኑክስ ማኅበረሰብ ያደረገውም ግልጽ ነበር፤ ጥፋተኞቹን አንድ በአንድ እየለዩ ኮዳቸውን ማረም። የፕሮግራሞቹ ምንጭ ኮድ ለሁሉም ክፍት ስለነበር ይህ መንገድ ሠራ። ኋላ ከአንድሮይድ ጋር በተነሳው ክርክር የተቃዋሚዎቹ አቋም የተቀረጸው ከዚህ ስኬት ነው።

«ይግባ» ወይም «አይግባ» የሚለው ማነው?

የሊኑክስ ከርነል ባለቤት ኩባንያ የለውም። ሊነስ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በ1991 ከጀመረው ወዲህ እያንዳንዱ ለውጥ በኢሜይል ቀርቦ በአደባባይ ይገመገማል። እያንዳንዱ ንዑስ ክፍል የራሱ ጠባቂ አለው፤ ጠባቂው ያመነበትን ሰብስቦ ወደ ላይ ያስተላልፋል፣ የመጨረሻው ቃል የቶርቫልድስ ነው። ገምጋሚዎቹ ከኩባንያዎች ደመወዝ የሚቀበሉ ቢሆንም፣ የሚፈረድባቸው ግን በኩባንያቸው ፍላጎት ሳይሆን በኮዱ ጤንነት ነው።

የዚህ ሥርዓት ጥብቅነት ምክንያት አለው። ኮድ አቅራቢው ሥራውን አስገብቶ ወደ ሌላ ፕሮጀክት ሊሄድ ይችላል፤ ኮዱ ግን ይቀራል። ከዚያ በኋላ የሚበላሸውን የሚጠግነው፣ አዲስ ለውጥ በመጣ ቁጥር የሚያስማማው ጠባቂው ነው። ከዚህም በላይ ከርነሉ ለመተግበሪያዎች አንድ በር ከከፈተ በኋላ ያንን በር መዝጋት አይፈቀድለትም፤ ትናንት ይሠራ የነበረ ፕሮግራም ዛሬ በከርነሉ ለውጥ ምክንያት መሥራት ማቆም የለበትም የሚለው ደንብ ቶርቫልድስ አጥብቆ ከሚያስከብራቸው አንዱ ነው። ስለዚህ አዲስ በር መክፈት ጊዜ የማይገድበው ዕዳ መፈረም ነው።

የኃይል ቁጠባ ኮድ ደግሞ ለግምገማ በተለይ አስቸጋሪ ነው። የፋይል አያያዝ ኮድ ሲሳሳት ውሂብ ይበላሻል፣ ስሕተቱም ይታያል። የኃይል ቁጠባ ኮድ ሲሳሳት ግን ብዙ ጊዜ ሁሉም ነገር በትክክል ይሠራል፤ የሚለወጠው ባትሪው ከቀድሞው ሁለት ሰዓት ቀድሞ ማለቁ ብቻ ነው። ገምጋሚው ኮዱ የተጻፈለት መሣሪያ በእጁ ላይኖር ይችላል። መሣሪያዎቹም እርስ በርስ የተሳሰሩ ናቸው፤ በዩኤስቢ ማከፋፈያ ላይ የተሰካ ካሜራ ሳይተኛ ማከፋፈያው ቢተኛ ካሜራው ይጠፋል። ስለዚህ ሲተኙ ልጅ ከወላጅ ይቀድማል፣ ሲነቁ ወላጅ ከልጅ ይቀድማል።

ይህ ሥርዓት በሚገባ ሲሠራ ምን እንደሚመስል አንድ አጋጣሚ ያሳያል። የክፍሉ ጠባቂ ፖላንዳዊው ራፋኤል ቪሶትስኪ በዲሴምበር 2009 መሣሪያዎች በየተራ ከመተኛትና ከመንቃት ይልቅ ጎን ለጎን እንዲያደርጉት የሚያስችል ኮድ አቀረበ። ዓላማው ኮምፒውተሩ በፍጥነት እንዲነቃ ነበር። ቶርቫልድስ ኮዱ ከመጠን በላይ ተወሳስቧል ብሎ መለሰው። እዚያ ላይ ግን አላቆመም፤ ቀለል ያለ አማራጭ ራሱ ንድፉን አቀረበ። አላን ስተርን የተባለው የዩኤስቢ ባለሙያ ደግሞ የአማራጩን ክፍተቶች አሳየ። ከጥቂት ሳምንታት ምልልስ በኋላ እያንዳንዱ መሣሪያ ሥራውን መጨረሱን የሚያስታውቅበት፣ ወላጁም ልጆቹን የሚጠብቅበት ቀላል ዘዴ ተገኘና በ2.6.34 እትም ውስጥ ገባ። ጠባቂው ራሱ ኮዱ ተመልሶበት፣ የተሻለ ሆኖ ተቀባይነት አገኘ። ይህ የተቻለው ግን ሁሉም ወገን በችግሩ ምንነት ላይ ስለተስማማ ነው። የቀረው ልዩነት በመፍትሔው ቅርጽ ላይ ብቻ ነበር።

የአንድሮይድ ጉዳይ እንዲህ አልነበረም።

የንቃት ቁልፍ

የመጀመሪያው የአንድሮይድ ስልክ፣ ቲ-ሞባይል ጂ1፣ እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2008 ለገበያ ቀረበ። የጉግል መሐንዲሶች ያጋጠማቸው ችግር የፓወርቶፕ ዘመን ችግር ግልባጭ ነበር። በስልኩ ላይ የሚጫኑትን መተግበሪያዎች የሚጽፏቸው በሺህ የሚቆጠሩ የማይታወቁ ሰዎች ናቸው። ምንጭ ኮዳቸው ተዘግቷል፤ ማንም ሊያርማቸው አይችልም። ፕሮሰሰሩ ሥራ ሲፈታ የሚወስደውን ኃይል የቱንም ያህል ቢቀንሱት፣ አንድ ግድ የለሽ መተግበሪያ በየሰከንዱ እየቀሰቀሰ ድካማቸውን መና ሊያስቀረው ይችላል።

መፍትሔያቸው ነባሩን ልማድ የገለበጠ ነበር። በተለመደው አሠራር ኮምፒውተር ነቅቶ ይኖራል፤ የሚተኛው ሲታዘዝ ነው። በአንድሮይድ ግን ስልኩ ሁልጊዜ መተኛት ይፈልጋል፤ ነቅቶ የሚቆየው አንድ ሰው «አትተኛ» ብሎ እስከያዘው ድረስ ብቻ ነው። ይህ መያዣ «ዌክሎክ» ተባለ፤ የንቃት ቁልፍ እንደማለት ነው። ሙዚቃ የሚያጫውት መተግበሪያ ቁልፉን ይይዛል። ጥሪ የደረሰው ድራይቨርም መተግበሪያው ጥሪውን እስኪረከበው ድረስ ቁልፉን ይይዛል። ሁሉም ቁልፎች ሲለቀቁ ስልኩ ወዲያው ይተኛል። ቁልፍ ለመያዝ ፈቃድ ያልጠየቀ መተግበሪያ የፈለገውን ያህል ቢቅበዘበዝ፣ ከስልኩ ጋር አብሮ ይተኛል።

ቁልፉ አንድ ስውር አደጋም ያስወግዳል። ሥርዓቱ «አሁን ልተኛ» ብሎ በወሰነበትና በእርግጥ በተኛበት ቅጽበት መካከል ጥሪ ቢመጣስ? ውሳኔው አስቀድሞ ስለተላለፈ ስልኩ ጥሪውን እንደያዘ ሊተኛ ይችላል። በሰከንድ ክፍልፋይ የሚቆጠር ሽቅድምድም ነው፤ ነገር ግን በሚሊዮን በሚቆጠሩ ስልኮች ላይ በየቀኑ ሲደጋገም፣ አልፎ አልፎ የሚለው ቃል ትርጉም ያጣል።

የጉግሉ አርቨ ዮነቮግ ይህን ኮድ እ.ኤ.አ. በ2009 መጀመሪያ ወራት ለከርነሉ የኃይል ቁጠባ ገምጋሚዎች አቀረበ። ኮዱ የተጻፈው በውይይት አልነበረም፤ ተጽፎ፣ ተፈትሾ፣ ገበያ ላይ በዋለ ስልክ ውስጥ እየሠራ ነበር የደረሰው። ለጉግል ይህ የብቃት ማስረጃ ነበር። ለገምጋሚዎቹ ግን ውሳኔው ካለቀ በኋላ ለማጽደቅ ብቻ እንደመጠራት ያህል ነበር።

የ2010 ሙግት

ተቃውሞው ከሦስት አቅጣጫ መጣ። አንደኛው ስለ ስፋቱ ነበር። ዌክሎክ በአንድ ቦታ ተወስኖ የሚቀር ኮድ አይደለም፤ በየድራይቨሩ ውስጥ መጠራት አለበት። አንዴ ከተበተነ በኋላ ስሕተት ሆኖ ቢገኝ ለቅሞ ማውጣት ከባድ ነው። ሁለተኛው ስለ አቅጣጫው ነበር። አላን ኮክስ፣ ቶማስ ግላይክስነርና ፒተር ዛይልስትራን የመሳሰሉ አንጋፋዎች ማሽኑን በሙሉ በግድ ከማስተኛት ይልቅ እያንዳንዱ ክፍል ሥራ ሲፈታ በየራሱ እንዲተኛ ማድረግ ይሻላል ብለው ተከራከሩ። በዲሴምበር 2009 በወጣው 2.6.32 እትም ውስጥ ቪሶትስኪና ስተርን ያስገቡት ማዕቀፍ በዚህ መንገድ ላይ የተጣለ መሠረት ነበር፤ መሣሪያው ስንት ተጠቃሚ እንዳለው ይቆጥራል፣ ቁጥሩ ዜሮ ሲሆን ያስተኛዋል። ሦስተኛው የመርሕ ጉዳይ ነበር። ግድ የለሽ መተግበሪያ ካለ መታረም ወይም መታገድ ያለበት መተግበሪያው ነው እንጂ፣ ከርነሉ የእርሱን ጥፋት ተሸክሞ መኖር የለበትም።

የጉግል ወገን መልስ አጭርና ጽኑ ነበር፤ የምትሉት መተግበሪያዎች ለሚታረሙበት ዓለም ይሠራል፣ የእኛ ዓለም ግን ያ አይደለም። በስልካቸው ላይ ሥራ የፈታ ፕሮሰሰር እንደተኛ ፕሮሰሰር ያህል ትንሽ ኃይል ሊወስድ እንደሚችል አልካዱም። ቁም ነገሩ ግን ፕሮሰሰሩ በየጊዜው ካልተቀሰቀሰ ነው። የሬድ ሃቱ ማቲው ጋሬት ጉግል ውስጥ ሳይሠራ ለሐሳቡ ጥብቅና ቆመ፤ መተግበሪያዎችን ሳያምኑ ባትሪ ማዳን የሚያስችል የተሻለ አማራጭ ያለው ካለ ያቅርብ ሲል ደጋግሞ ጠየቀ።

እ.ኤ.አ. በ2010 የጸደይ ወራት ኮዱ ስሙን ለውጦ «የእንቅልፍ ማገጃ» በሚል ርእስ ዳግመኛ ቀረበ። ክርክሩም ሰማይ ነካ። በመቶዎች የሚቆጠሩ መልእክቶች ተለዋወጡ። ተመሳሳይ ጥያቄዎች ተነስተው ተመሳሳይ መልሶች ተሰጡ፤ ብዙዎች እየተመላለሱ የሚወድቁት በአንድ ቃል ትርጉም ላይ ነበር። አንዱ ወገን «እንቅልፍ» ሲል ተጠቃሚው የሚያዘውን ማለቱ ነው፤ ሌላው ወገን በየደቂቃው ብዙ ጊዜ የሚሆነውን። ከርነሉ ውስጥ በሌላ መስክ የታወቀው ፖል ማኬኒ በዚያው ክረምት የሁለቱን ወገኖች ፍላጎት በዝርዝር ለማስቀመጥ ሞከረ። የማንንም ኮድ አልደገፈም፤ አንድሮይድ ምን እንደሚያስፈልገው ሁሉም በሚስማማበት ቃል መጻፍ ነበር ዓላማው። ክርክሩ ከተጀመረ ከአንድ ዓመት በላይ አልፎት ነበር፤ ችግሩን በጽሑፍ መተርጎም ከመጀመሪያው ቀን ይልቅ በዚያ ጊዜ መሞከሩ የሂደቱን ጉድለት ይናገራል።

የመዘግየቱ ዋጋ በዚህ መሐል ይቆጠር ነበር። ለጊዜው ባልበሰለ ኮድ ማቆያ ክፍል ውስጥ ገብተው የነበሩት የአንድሮይድ ድራይቨሮች ተንከባካቢ አጥተው ከ2.6.33 እትም ወጡ። የዚያ ክፍል ጠባቂ ግሬግ ክሮ-ሃርትማን በፌብሩዋሪ 2010 ጉዳቱን በይፋ አስረዳ። ዌክሎክን የሚጠራ ድራይቨር ዌክሎክ በሌለው ከርነል ውስጥ አይሠራም። ስለዚህ ለአንድሮይድ ስልክ ቺፕ የሚያመርቱ ኩባንያዎች የሚጽፉት ድራይቨር ሁሉ ከዋናው ከርነል ውጭ ይቀራል። አንዲት ትንሽ ያልተፈታች ጉዳይ ከጀርባዋ ብዙ ሺህ መስመር ኮድ አግታ ይዛለች። ሊኑክስ በታሪኩ ካገኛቸው ተጠቃሚዎች ሁሉ የሚበልጠው ከሊኑክስ ተነጥሎ እየሄደ ነበር።

የተቆጣጣሪው መንገድ

ከሁለቱ ጎራ ያልሆነው መንገድ የመጣው ከጠባቂው ነው። ቪሶትስኪ ከክርክሩ ውስጥ ማንም የማይክደውን አንድ ነገር ነጥሎ አወጣ፤ ያንን ሽቅድምድም። አንድሮይድን የሚጠላም ቢሆን ላፕቶፕ በሚተኛበት ቅጽበት የመጣ ምልክት መጥፋት እንደሌለበት ያምናል። ስለዚህ በኦክቶበር 2010 በወጣው 2.6.36 እትም ውስጥ ትንሽ መሣሪያ አስገባ። ከርነሉ የቀስቃሽ ክስተቶችን ቁጥር ይመዘግባል። ማሽኑን ማስተኛት የሚፈልግ ፕሮግራም አስቀድሞ ቁጥሩን ያነባል፤ ዝግጅቱን ሲጨርስ ያነበበውን ቁጥር መልሶ ያቀርባል። በመሐል አዲስ ክስተት መጥቶ ቁጥሩ ከተለወጠ ከርነሉ እምቢ ይላል፣ እንቅልፉም ይሰረዛል።

ይህ መሣሪያ ማን መተኛት እንዳለበት አይወስንም፤ ውሳኔው በሐሰት መረጃ ላይ እንዳይመሠረት ብቻ ይጠብቃል። ዘዴው ከርነሉ ውስጥ ይቀመጣል፣ ፖሊሲው ለተጠቃሚው ወገን ይተዋል። ድራይቨሮችም «ክስተት እያስተናገድኩ ነው» እና «ጨርሻለሁ» የሚሉባቸው አዳዲስ ጥሪዎች አገኙ። ተግባራቸው ከዌክሎክ እጅግ የተቀራረበ ነበር። ልዩነቱ ስማቸውና ምክንያታቸው ከአንድ ኩባንያ ምርት ጋር አለመታሰሩ ነው።

አንድሮይድ ግን መሣሪያውን አልተጠቀመበትም፤ የራሱ ዘዴ ይሠራለት ነበርና። በኦክቶበር 2011 የከርነሉ ጠባቂዎች ፕራግ ላይ ባደረጉት ጉባኤ የአንድሮይድ ኮድ ወደ ዋናው ከርነል የሚመለስበት ጉዳይ በቀጥታ ተነሳ። በማርች 2012 በወጣው 3.3 እትም ውስጥ ድራይቨሮቹ ወደ ማቆያው ክፍል ተመለሱ። በዚያው ዓመት በጁላይ የወጣው 3.5 እትም ደግሞ ቪሶትስኪ ከሁለት ዓመት በፊት በጣለው የቁጥር መሠረት ላይ ራሱ የገነባቸውን ሁለት ነገሮች ይዞ መጣ፦ ማሽኑ ማገጃ ባጣ ቁጥር በራሱ የሚተኛበት ስልትና መተግበሪያዎች የንቃት ቁልፍ የሚይዙበት በር። ዮነቮግም የቀረችውን ክፍተት የምትሞላ አንዲት ክፍል በዚያው እትም አስገባ። ሁለቱም የቪሶትስኪ ክፍሎች ከርነሉን የሚያዘጋጀው ሰው ካልመረጣቸው አይገቡም፤ የማይፈልጋቸው ዕዳቸውን አይሸከምም።

ከሦስት ዓመት በኋላ የገባው ነገር ከሦስት ዓመት በፊት ከተከለከለው ጋር በጣም ይመሳሰላል። ታዲያ ያ ሁሉ ሙግት ከንቱ ነበር ማለት ነው? አይደለም። የገባው ኮድ የተመሠረተው ላፕቶፕም ሰርቨርም በሚጠቀምበት አንድ የጋራ መሠረት ላይ ነበር፤ ቁልፎቹ ቁጥራቸው ሊገደብ፣ የተጣሉትም ሊጠረጉ የሚችሉ ሆኑ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንደሚባለው፣ የመጀመሪያው ኮድ የታጠቀው ለአንድ ስልክ ምረቃ ሲሮጥ ነበር። ይሁን እንጂ ይህን ሁሉ ለማግኘት ሦስት ዓመት የግድ አልነበረም። ሽቅድምድሙ እውነተኛ መሆኑ በ2009ም ይታወቅ ነበር።

በደንቡ መሠረት የተሳሳተ

የጥብቅ ግምገማ ደጋፊዎች ከዚህ ታሪክ ቶሎ ድል እንዳያውጁ የሚከለክል ሌላ አጋጣሚ በዚያው ዘመን ተከስቷል። በማርች 2011 በወጣው 2.6.38 እትም ውስጥ አንዲት ትንሽ ለውጥ ያለ ብዙ ክርክር ገባች። ጉዳዩ ኤኤስፒኤም ይባላል፤ የፒሲአይ ኤክስፕረስ መስመሮች ሥራ ሲፈቱ ኃይላቸው የሚቀንስበት ዘዴ ነው። ለውጡ የሚለው፣ ባዮሱ «ይህን ዘዴ አልደግፍም» ብሎ ካስታወቀ ከርነሉ በሁሉም መሣሪያዎች ላይ ያጥፋው ነው። ደንቡን ያነበበ ገምጋሚ ሁሉ ትክክል ነው ይላል።

ላፕቶፖች ግን ሞቁ፣ ባትሪያቸውም ቶሎ ያልቅ ጀመር። ስሕተቱን ያገኘው ከገምጋሚዎቹ መካከል አንዱ አልነበረም። ፎሮኒክስ የተባለው የሊኑክስ ድረ ገጽ ባለቤት ማይክል ላራቤል በየእትሙ የኃይል ፍጆታን በመሣሪያ እየለካ ነው መንስኤውን በጁን 2011 ያመለከተው። ብዙ ባዮሶች «አልደግፍም» እያሉ ዘዴውን በመሣሪያዎቹ ላይ ራሳቸው አስቀድመው አብርተውት ነበር። ዊንዶውስ በእንዲህ ዓይነት ማሽን ላይ ዘዴውን አያጠፋም፤ ባዮሱ እንደተወው ይተወዋል። ጋሬት ይህን የተረዳው ማይክሮሶፍት ስለ ዊንዶውስ ቪስታ ካዘጋጀው ገለጻ ነበር። እርማቱ በ3.3 እትም ገባ።

ሁለቱ ጉዳዮች ጎን ለጎን ሲታዩ የሚያስተምሩት አለ። ስሙ የታወቀ፣ ባለቤቱ ጉግል የሆነ፣ ደፋር ሐሳብ ያዘለ ኮድ በመቶዎች መልእክቶች ተፈተሸ። ጥቂት መስመር ያላት፣ ደንብ የጠቀሰች ለውጥ ግን በጸጥታ አልፋ በየቤቱ ኤሌክትሪክ አባከነች። ግምገማ የሚያየው በጽሑፍ የተቀመጠውን ነው። ኃይል የሚባክነው ግን በማሽኑ ውስጥ ነው፤ እዚያ የሚደርሰው መለኪያ ብቻ ነው።

ማን ትክክል ነበር?

የኋለኛው ታሪክ ለሁለቱም ወገን ድርሻ ሰጥቷል። ተቃዋሚዎቹ ለመተግበሪያ የንቃት ቁልፍ መስጠት እምነትን ያላግባብ መጣል ነው ብለው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2012 የፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የአንድሮይድ መተግበሪያዎችን ፈትሸው፣ ቁልፉን ይዘው መልቀቅ የሚረሱ ብዙ እንዳሉ አሳዩ፤ ስልኩ ኪስ ውስጥ ሆኖ ያለ ምክንያት ነቅቶ ያድራል። ጉግል ራሱ በ2015 ባወጣው አንድሮይድ 6.0 ላይ «ዶዝ» የተባለውን አሠራር አመጣ። ከቻርጀር የተነቀለ ስልክ ማያው ጠፍቶ ሳይንቀሳቀስ ከቆየ፣ ሥርዓቱ መተግበሪያዎች የያዟቸውን ቁልፎች ከቁብ አይቆጥርም። ቁልፉን የፈጠረው ወገን ቁልፉን መሻር አስፈለገው።

የጉግል ወገን ደግሞ መተግበሪያን ማረም የማይቻልበት ዓለም እየመጣ ነው ብሎ ነበር፤ መጣም። ዶዝ መተግበሪያዎች ይታረማሉ ብሎ አይጠብቅም። የማይታመኑ መሆናቸውን ተቀብሎ ማገድን ነው የመረጠው። «እያንዳንዱ ፕሮግራም ይስተካከል» የሚለው የ2007 መፍትሔ ምንጭ ኮዱ ክፍት ለሆነ ማኅበረሰብ የሠራ ነበር እንጂ፣ ለሚሊዮኖች ገበያ የተዘጋጀ አልነበረም።

ከዚህ የሚቀረው ትምህርት ከኮድ ውጭም የሚያገለግል ነው። የጋራ ሀብት የሚጠብቅ አካል፣ ከርነል ይሁን የግድብ ውኃ ወይም የሕዝብ በጀት፣ ከኃያል አመልካች የሚመጣን ጥያቄ ውድቅ ሲያደርግ ሁለት የተለያዩ ነገሮችን ይወስናል፦ ችግሩ እውነተኛ መሆን አለመሆኑን፣ የቀረበው መፍትሔም ተገቢ መሆን አለመሆኑን። በዲሴምበር 2009 ቶርቫልድስ ለቪሶትስኪ የሰጠው መልስ ሁለቱን ለየ፤ ችግሩን ተቀበለ፣ መፍትሔውን መለሰ፣ አማራጭ ጨመረ። ጉዳዩም በወራት ውስጥ አለቀ። በዌክሎክ ጉዳይ ግን ሁለቱ ውሳኔዎች ተደባለቁ። የቀረበው መፍትሔ ባለመወደዱ ችግሩም እንደሌለ ተቆጠረ፤ አመልካቹም ችግሩ እውነተኛ በመሆኑ መፍትሔው ሳይነካ እንዲያልፍለት ጠበቀ። ሦስቱን ዓመታት የበላው ይህ ድብልቅ ነው።

መውጫውን ያገኘው ሰው የሁለቱንም ወገን ንግግር ችላ ብሎ፣ ሁሉም የሚያምንበትን ትንሹን እውነት ፈልጎ ነው። በ2.6.36 የገባችው ቁጥር አንድሮይድን አላስደሰተችም፣ ተቃዋሚዎቹንም አላሸነፈች። ነገር ግን የገባችው በሁሉም ስምምነት ስለነበር፣ ከሁለት ዓመት በኋላ ለትልቁ ነገር መቆሚያ ሆነች። ዛሬ ተኝቶ ያደረ ስልክ ከሩቅ ሀገር በተደወለ ጥሪ ሲነቃ፣ ጥሪው በመተኛትና በመንቃት መካከል ባለችው ክፍተት ሳይሰጥም የሚደርሰው ከርነሉ የቀስቃሾቹን ቁጥር ስለሚይዝ ነው።